አዛዥ የሌለው ሰልፍ

ኅዳር ላይ በደምቢያ፣ በኮላ ድባ ዙሪያ ጤፍ ሲደርስ አጫጆች በደቦ ይወጣሉ። ጎን ለጎን ተሰልፈው ማሳውን ሲገፉ ለእያንዳንዱ «አንተ ቅደም፣ አንተ ቁም» የሚል የለም። አጫጁ ግራ ቀኙን ያያል፤ ቀድሞ ከሆነ ቀስ፣ ዘግይቶ ከሆነ ፈጠን ይላል። አውራጁም ዜማውን ያወጣል እንጂ የማንንም እግር አይመራም። ሰልፉ ግን ሳይዛባ ይዘልቃል።

የሮቦትና የድሮን መሐንዲሶች አጥብቀው የሚያጠኑት ይህንኑ ነው። ማዕከል ያለው ቡድን የእያንዳንዱን አባል ቦታ ሰብስቦ፣ አስልቶ፣ ትእዛዝ ይልካል። አባላቱ ሲበዙ ስሌቱ ይከብዳል፤ ማዕከሉ ሲወድቅ ሁሉም ይቆማል። ውሳኔው ለየአባሉ ከተከፋፈለ ግን አንዱ ቢጎድል ሌላው ይቀጥላል።

ክሬግ ሬይኖልድስ እ.ኤ.አ. በ1987 ባሳተመው ሥራ የወፍ መንጋን በኮምፒውተር ለማሳየት ሦስት ሕግ በቅቶታል፦ ከጎረቤትህ አትጋጭ፣ አካሄድህን ከእሱ ጋር አስተካክል፣ ከመንጋው አትራቅ። እ.ኤ.አ. በ2003 ተመራማሪዎቹ ጃድባባይ፣ ሊንና ሞርስ ምክንያቱን በሒሳብ አስረዱ። እያንዳንዱ አባል የራሱንና የጎረቤቶቹን አቅጣጫ አማካይ እየያዘ ከሄደ፣ ሁሉም ውሎ አድሮ ወደ አንድ አቅጣጫ ይዞራል። ሁሉም ሁሉን ማየት የለበትም፤ ጎረቤትም ሊለዋወጥ ይችላል። ሰንሰለቱ ግን በየጊዜው ሁሉንም ማገናኘት አለበት። ለዘለቄታው ከተበጠሰ መንጋው ለሁለት ይከፈላል፤ እያንዳንዱ ወገን በውስጡ ተስማምቶ ሳለ ሁለቱ ይለያያሉ።

ይህ ጣና ዳር ላለችው ደምቢያ ሩቅ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2011 በሐይቁ ላይ የታየው እምቦጭ የተባለ አረም የሰሜኑን ዳርቻ ክፉኛ ወርሮታል፤ ገበሬውም ውኃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ሲነቅል ኖሯል። አረሙ ምቹ ሁኔታ ሲያገኝ በሁለት ሳምንት ግድም እጥፍ ይሆናል፤ ነፋስም ከቦታ ቦታ ያንሳፍፈዋል። ስለዚህ ዳርቻውን አንድ ጊዜ ሸንሽኖ ለየቀበሌው ማደል አይበቃም። ዛሬ የጸዳው ነገ ይሸፈናል፤ በሁለት ቀበሌ ወሰን ላይ የቀረው ጥቂት አረምም ለሁለቱም ዘር ይሆናል።

ተመራማሪው ኮርቴስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2004 ያቀረቡት የስምሪት ዘዴ እዚህ ላይ ይረዳል። እያንዳንዱ አባል ከሌሎቹ ይልቅ ለእሱ የሚቀርበውን ስፍራ ይይዛል፤ በዚያም ውስጥ ሥራው ወደሚበዛበት ያዘነብላል። እሱ ሲንቀሳቀስ ከጎረቤቱ ጋር ያለው ወሰንም አብሮ ይንቀሳቀሳል። በጀልባም በእጅም ለሚነቅል ቡድን ትርጉሙ ግልጽ ነው፦ አረሙ ወዴት እንደሄደ ለአዋሳኙ ቶሎ መንገር፣ ወሰኑንም በዚያው ልክ ማሸጋሸግ። ደቦ የወጣ አጫጅ ይህን ማንም ሳያስተምረው ያደርገዋል፤ ጎረቤቱ ወደ ኋላ ሲቀር ማጭዱን ወደዚያ ይዘረጋል።