ያውቁ ኖሯል? ካሜራ ከዓይን በላይ ያያል

የካሜራ ሴንሰር የሚሠራበት ሲሊከን ዓይናችን የማያየውን፣ ከቀይ ቀጥሎ ያለውን የኢንፍራሬድ ብርሃንም ይቀበላል። በተራ ካሜራ ላይ ግን የፎቶው ቀለም እንዳይዛባ ከሴንሰሩ ፊት ያለ ማጣሪያ ያግደዋል።

ለሣር ጉዳይ ይህ ብርሃን ትልቅ ነገር ነው። ከሚሴ አካባቢ የቦርከና ወንዝን ተከትሎ በተዘረጋው፣ በበጋ ከብት በሚጎርፍበት የጨፋ ረግረግ፣ ለምለሙ ሣር ቀዩን ብርሃን ውጦ ኢንፍራሬዱን አብዝቶ ይመልሳል። የሁለቱ ልዩነት ሲሰላ ግጦሹ የለመለመበትና የደረቀበት ይለያል።

ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና የመጠቀችው የኢትዮጵያ የመጀመሪያዋ ሳተላይት ኢቲአርኤስኤስ-1 የያዘችው ካሜራ ይህንኑ ብርሃን ለይቶ የሚያነሳ ነበር። ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ ስታነሳ አንዷ የምስል ነጥብ ወደ 14 ሜትር ስፋት ያለው መሬት ትሸፍን ስለነበር፣ ሳተላይቷ የጠፋች ላም ለመፈለግ አትሆንም ነበር።