ጆንያ፣ ሳጥን፣ ስልቻ፦ የሚወራውና እውነቱ

ከቢቸና ጤፍ ጭኖ የተነሳ አይሱዙ በደጀን በኩል የዓባይን በረሃ ወርዶ አዲስ አበባ ይገባል። ሲመለስ ሲሚንቶ፣ ቆርቆሮ፣ ሳሙና ወይም ቢራ ይዞ ነው፤ ባዶውን መመለስ የሚፈልግ ሹፌር የለም። ወደ ሞጣ የሚዘልቀውም እንዲሁ ነው። ስለ ተጣጣፊና ተመላላሽ መያዣ ብዙ ይወራል፤ የሚረሳው ግን ይኸው የመልስ ጉዞ ነው።

ተረት፦ «ተጣጣፊ መያዣ የፈረንጅ ፋብሪካ ያመጣው ነገር ነው።»

ስልቻና አቅማዳ ከየት መጡ ታዲያ? የፍየሉ ቆዳ ሆዱ ሳይቀደድ እንዳለ ተገፎ ይለፋል፤ የእግሩ ቀዳዳዎች ይታሰራሉ፣ አንገቱ አፍ ይሆናል። ጎኑ ላይ ስፌት ስለሌለው ጤፍ የሚሾልክበት የለም። አህያ ጀርባ ላይ ግራና ቀኝ ተመዛዝኖ ገበያ ይወጣል፤ እህሉ ሲሸጥ ተጠቅልሎ ከጫኛው ጋር ቤቱ ይመለሳል። ዛሬ ፋብሪካዎች በልክ የሚያሠሩት ተጣጣፊ ሳጥንም ሥራው ከዚህ አይለይም፦ ሲሄድ መሙላት፣ ሲመለስ ቦታ አለመፍጀት።

ተረት፦ «ከታጠፈ ሁልጊዜ ይሻላል።»

የቢራ ሳጥን ለምን አይታጠፍም? 24 ጠርሙስ ይዞ ሞጣ ይደርሳል፣ 24 ባዶ ጠርሙስ ይዞ ይመለሳል። የሚታጠፍበት ጊዜ የለውም። ማጠፊያ ቢጨመርለት ዋጋው ይንራል፣ የሚሰበርበት ቦታም ይበዛል። ማጠፍ የሚያዋጣው ዕቃው በአንድ አቅጣጫ ብቻ ሲሄድ ነው። ከቢራው መወሰድ ያለበት ማስያዣው ነው፤ ግሮሰሪው ሳጥኑንና ጠርሙሱን ካልመለሰ ገንዘቡ ይቀራል። ተመላላሽ ሳጥን ውድ ነው ይባላል፤ ዋጋው ለጉዞው ብዛት ሲካፈል ግን ይቀንሳል። በሦስተኛው ጉዞ የዶሮ ቤት ሆኖ ከቀረ በርግጥ ሒሳቡ አይወጣም።

ተረት፦ «ፕላስቲክ ሳጥን ከጆንያ ይበልጣል።»

ለምኑ? ሌላው ደግሞ «መያዣ መያዣ ነው» ይላል፤ ስልቻ ቀልቀሎ፣ ቀልቀሎ ስልቻ። ሁለቱም ጭነቱን አላዩም። የጤፍ ፍሬ አንድ ሚሊሜትር ቢሆን ነው፤ በአንድ ኪሎ ውስጥ ከ2 ሚሊዮን በላይ ፍሬ አለ። ጎኑ ወንፊት የመሰለ ሳጥን ለሱ አይሆንም። ጆንያ ደግሞ ባዶውን ሲታጠፍ ከየትኛውም ሳጥን ያነሰ ቦታ ይይዛል።

ድንችና ቲማቲም ላይ ነገሩ ይገለበጣል። ከጮቄ ግርጌ የተጫነ ድንች በጆንያ ሲደራረብ የታችኛው የላይኛውን ተሸክሞ ይቀጠቀጣል። በሳጥን ሲሆን ክብደቱ በግድግዳውና በማዕዘኑ በኩል ይወርዳል፣ አየርም ያልፋል። የተለመደው የሳጥን መጠን 60 በ40 ሳንቲሜትር ነው፤ 120 በ80 በሆነ ፓሌት ላይ አራቱ ልክክ ይላሉ። ሲታጠፉ ደግሞ አራት ያህሉ የአንድ ያልታጠፈ ሳጥን ቦታ ይይዛሉ፤ ለመልሱ ሲሚንቶ ቦታ ይተርፋል። በ2013 ዓ.ም. እንደተመረቀው የቡሬ የተቀናጀ አግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ ላሉ ተቀባዮች ይህ የሚያዋጣ ይመስለኛል፦ ላኪና ተቀባዩ ከታወቁና መንገዱ ቋሚ ከሆነ ሳጥን የሚጠፋበት ምክንያት ይቀንሳል።

ተረት፦ «ኩንታል መቶ ካልሞላ ኪሳራ ነው።»

«በልክ የተሠራ» ሲባል የመኪናው ልክ ይታሰባል እንጂ የጫኝና አውራጁን ትከሻ የሚያነሳ የለም። በመኪናው ጎን የተደገፈውን ጠባብ ሳንቃ ሲወጣ እዩት፦ መቶ ኪሎው ማጅራቱ ላይ ነው፣ አንድ እጁ የጆንያውን ጆሮ ጨብጧል፣ እግሩ ሳንቃውን በዳበሳ ይፈልጋል። የዓለም ሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1967 ባወጣው ምክረ ሐሳብ ቁጥር 128፣ አንድ አዋቂ ወንድ የሚሸከመው ከ55 ኪሎ በላይ ከሆነ በፍጥነት እንዲቀነስ ርምጃ ይወሰድ ይላል። ማዳበሪያ ለገበሬው የሚመጣው በ50 ኪሎ ከረጢት ነው፤ በዚህ የከሰረ አልሰማሁም። ጤፉም በሃምሳ ቢታሸግ የመኪናው ጭነት ያው ነው። የሚጨምረው አንድ ጆንያና ጥቂት ሲባጎ ነው።

ተረት፦ «የማዳበሪያ ከረጢት ታጥቦ እህል ይያዝበታል።»

ብናኙ በሽመናው መሐል ስለሚቀር ለምግብ እህል አይመከርም። ፀረ ተባይ ወይም በመድኃኒት የታሸ ዘር የነበረበት ከሆነማ ፈጽሞ አይነካ።

ተረት፦ «እህል ካልተነፈሰ ይበላሻል።»

በዚህ የተነሳ ፒክስ የሚባለውን ሦስት ድርብ ከረጢት የሚፈሩ አሉ። ሥራው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ ካሜሩን ውስጥ በፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የተጀመረ ነው። ከውስጥ ሁለት የላስቲክ ድርብ፣ ከውጭ የተሸመነ ከረጢት አለው። አፉ ጥብቅ ብሎ ሲታሰር ውስጥ ያለው ነቀዝ ኦክስጅኑን ራሱ ይጨርስና መብላትም መራባትም ያቆማል። ላስቲኩ እስካልተበሳ ድረስ ለሚቀጥለው ዓመት ታጥፎ ይቀመጣል፤ ስለዚህ የጎተራ ዕቃ እንጂ የመኪና ዕቃ አይደለም፣ የጫኝ መንጠቆና የመኪና ምስማር ይበሳዋል። ጤፍን ነቀዝ እምብዛም አይደፍረውም፤ ከረጢቱ በይበልጥ የሚያስፈልገው ለሽንብራና ለበቆሎ ነው።

ተረቱ ግማሽ እውነት የሚኖረው እህሉ እርጥብ ሲሆን ነው፤ ያኔ ይሻግታል። መለያው ቀላል ነው፦ ደረቅ ጠርሙስ ውስጥ በቆሎና ጥቂት ደረቅ ጨው ጨምሮ አንድ ደቂቃ መነቅነቅና ሩብ ሰዓት ማቆየት። ጨው ጠርሙሱ ላይ ከተለጠፈ እርጥበቱ ከ15 በመቶ በላይ ነውና እህሉ እንደገና ይሰጣ።