ካሴቱን የገዛ ያከራያል

አሜሪካ ውስጥ አዲስ ፊልም ሲኒማ ቤት የሚገባው ዓርብ ነው፤ ከሲኒማ ወርዶ ለቤት ተመልካች የሚቀርበው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ማክሰኞ። ይህ ልማድ ከካሴትና ከዲቪዲ ዘመን የተረፈ ነው። ዛሬ «በዚህ ሳምንት ለኪራይ ምን ወጣ?» የሚል ሰው መልሱን ከስልኩ ወይም ከቴሌቪዥኑ ያገኛል። አንዱ ፊልም 6 ዶላር፣ ሌላው 20 ዶላር ይላል። አንዱ ሲኒማ ቤት በገባ በሦስተኛ ሳምንቱ ይመጣል፣ ሌላው ወራት ይቆያል። ልዩነቱ ዘፈቀደ ይምሰል እንጂ፣ ከሥሩ ግማሽ ምዕተ ዓመት ያስቆጠረ ክርክር አለ፦ ፊልም የማከራየት መብት የማን ነው?

ክርክሩ የተጀመረው በ1977 ነው (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። አንድሬ ብሌይ የተባለ የሚሺጋን ነጋዴ ለሆሊውድ ስቱዲዮዎች ደብዳቤ ጽፎ ፊልሞቻችሁን በካሴት ላሳትም አላቸው። እሺ ያለው ፎክስ ብቻ ነበር፤ 50 ፊልሞች ፈቀደለት። ብሌይ ያሰበው ሰው እንደ መጽሐፍ ገዝቶ መደርደሪያው ላይ እንዲያስቀምጣቸው ነው። ሎስ አንጀለስ ውስጥ ፕሮጀክተርና የሱፐር ኤይት ፊልም ለግብዣ የሚያከራየው ጆርጅ አትኪንሰን ግን ሌላ ነገር ታየው። ሃምሳዎቹንም በቪኤችኤስም በቤታማክስም ገዝቶ ዊልሸር ጎዳና ላይ ትንሽ ሱቅ ከፈተ። አባልነት በዓመት 50 ዶላር፣ የዕድሜ ልክ 100 ዶላር፤ ከዚያ በላይ ለአንድ ካሴት የቀን ኪራይ 10 ዶላር። በዚያን ጊዜ ገንዘብ ይህ ርካሽ አይደለም። ሰው ግን መጣ።

ችግሩ፣ ፊልሙን የሠራው ስቱዲዮ ከዚያ ኪራይ ሰባራ ሳንቲም አያገኝም ነበር። አትኪንሰን የክስ ማስፈራሪያ ቢደርሰውም ሕጉ ከጎኑ ሆኖ ተገኘ። የሕጉ መነሻ ደግሞ ስለ ፊልም ሳይሆን ስለ መጽሐፍ የተሰጠ ፍርድ ነው። አንድ አሳታሚ በመጽሐፉ ላይ «ከ1 ዶላር በታች መሸጥ ክልክል ነው» ብሎ ያትማል፤ ሜሲስ የተባለው መደብር በ89 ሳንቲም ይሸጠዋል። ጉዳዩ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ፣ በ1908ም አሳታሚው ተረታ። አንድ ጊዜ ከሸጥከው በኋላ በዚያ ቅጂ ላይ ማዘዝ አትችልም ተባለ። የ1976ቱ የቅጂ መብት ሕግም ይህንኑ አጸና። መቅዳትና ማባዛት የባለመብቱ ብቻ ነው፤ ሕጋዊ ቅጂ የገዛ ሰው ግን ያንኑ ቅጂ ቢሸጥ፣ ቢያውስ፣ ቢያከራይ ከልካይ የለውም። የሙዚቃ ኢንዱስትሪው በ1984፣ የኮምፒውተር ፕሮግራም ሠሪዎቹ በ1990 ኪራይን የሚከለክል ልዩ ሕግ አስወጡ። ፊልም ሠሪዎቹም ሞክረው ነበር፤ የኪራይ ቤት ባለቤቶች ተደራጅተው ተሟገቱና አልሆነላቸውም።

በሕግ ያልሆነላቸውን በዋጋ ያዙት። አዲስ ፊልም በካሴት ሲወጣ ዋጋው 80፣ 90፣ እስከ 100 ዶላር ይደርስ ነበር። ቤተሰብ በዚያ ዋጋ አይገዛም፤ ዋጋው የተተመነውም ለእሱ ሳይሆን ለአከራዩ ነው። በጅምላ ወደ 65 ዶላር የገዛውን ካሴት በ3 ዶላር የሚያከራይ ሰው ወጪውን ለመመለስ ብቻ ከሃያ ጊዜ በላይ ማከራየት አለበት። ስለዚህ ከአንድ ፊልም ሁለት ሦስት ካሴት ብቻ ይገዛል፤ ደንበኛውም ዓርብ ማታ መጥቶ ባዶ ማቀፊያ ያገኛል። በ1985 ዳላስ ላይ የተከፈተው ብሎክበስተር በ8,000 ካሴት የጀመረው ይህን ጥማት አይቶ ነው። ትክክለኛው መፍትሔ የመጣው ግን በ1998 ገደማ ነው፦ ኩባንያው ለአንድ ካሴት ከ10 ዶላር በታች ይከፍልና ከኪራዩ 40 በመቶ ያህሉን ለስቱዲዮው ያካፍላል። የአዲስ ፊልም ግድግዳ በአንድ ርዕስ ብቻ ከላይ እስከ ታች የተሞላው ያኔ ነው። ይህን ውል ማግኘት ያልቻለው የሰፈር አከራይ ግን ቀስ በቀስ ከገበያ ወጣ።

ኪራይ ቤት የራሱ ሥርዓት ነበረው። የአባልነት ካርድ፣ ካሴቱን አጠንጥኖ መመለስ፣ የዘገየበትን መቀጮ መክፈል። ብሎክበስተር በ2000 ብቻ ከመቀጮ 800 ሚሊዮን ዶላር ያህል ሰብስቧል፤ ደንበኛ መቀጮውን ለምን እንደጠላው መጠየቅ አያስፈልግም። (አዲስ አበባ ላይ መታወቂያ አስይዞ ካሴት የተከራየ ሰው መቀጮን ያውቀዋል፤ የኛ ሰፈር ካሴት ግን አብዛኛው የቅጂ ቅጂ ነበር፣ ስለዚህ የአሜሪካኖቹ የሕግ ክርክር እኛን ብዙም አላስጨነቀንም።) አከራዩ ማን ምን እንደሚያይ ማወቁም ቀላል ነገር አልነበረም። በ1987 አንድ የዋሽንግተን ጋዜጣ ለጠቅላይ ፍርድ ቤት የታጩት ዳኛ ሮበርት ቦርክ የተከራዩዋቸውን ፊልሞች ዝርዝር አወጣ። ፊልሞቹ የሚያሳፍሩ አልነበሩም። የአሜሪካ ምክር ቤት ግን ደንግጦ በሚቀጥለው ዓመት የተከራይን ምስጢር የሚጠብቅ ሕግ አወጣ።

እንደ ብሎክበስተር ያለው ትልቅ ኪራይ ቤት መደርደሪያው ላይ ያላስተናገዳቸው ፊልሞች ሌላ በር ፈለጉ። ኃይሌ ገሪማ በ1993 ያወጣው «ሳንኮፋ» የሆሊውድ አከፋፋይ አጥቶ፣ ዳይሬክተሩ ራሱ ሲኒማ ቤት እየተከራየ ነው ለሕዝብ ያሳየው። በ1998 ከባለቤቱ ከሺሪኪያና አይና ጋር ዋሽንግተን ጆርጂያ ጎዳና ላይ፣ ከሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊት ለፊት፣ ቪዲዮና መጻሕፍት የሚገኙበትን ሱቅ በፊልሙ ስም ከፈቱ። በኔ ግምት ከብሎክበስተር ሺህ ቅርንጫፎች ይልቅ የዚህ ንግድ ጥቅም የታየው እንዲህ ባሉት ሱቆች ነው።

ዲቪዲ በ1997 ሲመጣ ስቱዲዮዎቹ ሐሳባቸውን ለወጡ፤ ከመጀመሪያው 20 እና 25 ዶላር ብለው ለቤተሰብ ሸጡት። ቅጂውን የገዛ ያከራያል በሚለው በዚያው የሕግ ቀዳዳ ኔትፍሊክስ በፖስታ፣ ሬድቦክስ በየሱፐርማርኬቱ ደጅ በቆሙ ቀይ ማሽኖች ገቡ። ሬድቦክስ ለአንድ ሌሊት 1 ዶላር ሲያስከፍል ዩኒቨርሳል፣ ፎክስና ዋርነር አንሸጥልህም አሉት። ምን አደረገ? ሠራተኞቹን ዎልማርት ልኮ እንደ ማንኛውም ገዢ ዲቪዲ አስገዛ፣ ስቱዲዮዎቹንም ከሰሰ። በ2010 ታረቁ፦ ዲቪዲውን በርካሽ ይሰጡታል፣ እሱ ደግሞ ለሽያጭ ከወጣ 28 ቀን እስኪሞላው አያከራይም። በዚያው ዓመት ብሎክበስተር ኪሳራ አወጀ፤ ዛሬ የቀረው አንድ ሱቅ፣ ኦሬገን ውስጥ በቤንድ ከተማ ነው። ሬድቦክስም በ2024 ተዘጋ።

አሁን በስልክ የምንከራየው ፊልም መልኩ ያው ይምሰል እንጂ ሕጉ ሌላ ነው። የሚገዛ ቅጂ ስለሌለ ገዝቶ የሚያከራይ ነጋዴ የለም፤ ድርጅቱ የሚያቀርበው ስቱዲዮው በፈቀደለት ቀንና ዋጋ ብቻ ነው። የተለመደው ውል ለመጀመር 30 ቀን፣ ከጀመሩ በኋላ ለመጨረስ 48 ሰዓት ይሰጣል። ሚያዝያ 2020 ሲኒማ ቤቶች በኮሮና ወረርሽኝ ሲዘጉ ዩኒቨርሳል «ትሮልስ ወርልድ ቱር»ን በቀጥታ ለቤት ኪራይ በ19.99 ዶላር አወጣ። በዚያው ዓመት ከሲኒማ ቤት ኩባንያው ኤኤምሲ ጋር ተዋውሎ፣ አንድ ፊልም ሲኒማ ቤት የሚቆይበትን ግዴታ ወደ 17 ቀን አወረደ። በ6 እና በ20 ዶላሩ መካከል ያለው ልዩነት ከዚህ የመጣ ነው፤ 20 ዶላሩ የጥድፊያ ዋጋ ነው። ጥቂት ሳምንት መታገሥ ለቻለ ያው ፊልም ይወርድለታል።

የ1908ቱ ፍርድ ዛሬም በሥራ ላይ ነው፣ ግን በእጅ በሚዳሰሰው ዲስክ ላይ ብቻ። የአሜሪካ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት አዲስ ዲቪዲ በነፃ የሚያውሱት በሱ ነው። ሲያትል ያለው ስኬርክሮው ቪዲዮም ከ140,000 በላይ ርዕሶች ይዞ፣ ከ2014 ጀምሮ ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ሆኖ፣ በአካል ለመጣውም በፖስታ ለጠየቀውም ያከራያል። የማንንም ስቱዲዮ ፈቃድ አይጠይቅም።