እኛ ዘንድ መሸ፣ ላይ ገና አልመሸም

እ.ኤ.አ. በግንቦት 2019 ስፔስኤክስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የመጀመሪያዎቹን 60 የስታርሊንክ ሳተላይቶች በአንድ ሮኬት አመጠቀ። በማግስቱ ምሽት ሰማይን ቀና ብለው ያዩ ሰዎች በአንድ መስመር ተከታትለው የሚጓዙ መብራቶች ሲያልፉ ተመለከቱ። በዚያ ዓመት መጀመሪያ በሥራ ላይ የነበሩት ሳተላይቶች በሙሉ 2,000 ገደማ ነበሩ። ዛሬ ከ10,000 በላይ ሆነዋል፤ አብዛኞቹም የዚሁ ኩባንያ ናቸው።

ሳተላይት የራሱ ብርሃን የለውም፤ የምናየው ከአካሉ ላይ የሚንጸባረቀውን የፀሐይ ብርሃን ነው። ቆላው ጨልሞ ሳለ የተራራው ጫፍ ገና ፀሐይ እንደሚመታው ሁሉ፣ 550 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ያለ ሳተላይትም ከእኛ ዘግይቶ ይመሽበታል። ሌሊቱ ሲገፋ የምድር ጥላ ውስጥ ገብቶ ይሰወራል። 1,200 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ያሉት ግን ብዙ ይቆያሉ። በሰሜን አውሮፓ በበጋ ሌሊቱን ሙሉ የማይሰወሩ አሉ። በዚህ ረገድ ለምድር ወገብ የቀረበችው ኢትዮጵያ ዕድለኛ ናት፤ ድንግዝግዙ ቶሎ ያልፋል። የእንጦጦ ቴሌስኮፖች ቅርብ ጠላት ከሥራቸው የተንጣለለው የአዲስ አበባ መብራት ነው።

ችግሩ የሚከፋው ድንግዝግዙን አጥብቀው ለሚፈልጉት ነው። ከፀሐይ አቅጣጫ ወደ ምድር የሚቀርቡ አስትሮይዶች የሚታደኑት ፀሐይ እንደጠለቀች ወይም ልትወጣ ስትል ብቻ ነው፤ ሳተላይቶቹ የሚደምቁትም ያን ጊዜ ነው። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2019 ቺሊ ውስጥ በሴሮ ቶሎሎ በተነሳ አንድ ፎቶ ላይ፣ ካሜራው አምስት ደቂቃ ተኩል ገደማ ተከፍቶ ሳለ 19 የስታርሊንክ ሳተላይቶች አልፈው ምስሉን ሸነታተሩት። በዚያው አገር ያለው የቬራ ሩቢን ኦብዘርቫቶሪ መስታወቱ 8.4 ሜትር ስፋት አለው፤ ሰፊ ሰማይ በአንድ ጊዜ ስለሚያይ ለዚህ ጉዳት ይበልጥ የተጋለጠ ነው። መስመሩን በኮምፒውተር ማጥፋት ይቻላል፤ ከሥሩ የነበረውን ደብዛዛ ኮከብ መመለስ ግን አይቻልም።

ስፔስኤክስ እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። እ.ኤ.አ. በ2020 ጥቁር የተቀባ አንድ ሳተላይት አመጠቀ፤ ሳተላይቱ ሙቀት አበዛ። ቀጥሎ የፀሐይ መከላከያ ገጠመ፤ እሱም ሳተላይቶቹ እርስ በርስ የሚገናኙበትን የሌዘር ጨረር ስለሚጋርድ ቀረ። አሁን ብርሃኑን ከምድር የሚያርቅ ልባስ ይጠቀማል። ድምቀቱ ቀንሷል፣ አልጠፋም። ሌሎች ደግሞ ይብሱን ገፉበት፦ እ.ኤ.አ. በ2022 የመጠቀው ብሉዎከር 3 የተባለው ሳተላይት 64 ካሬ ሜትር አንቴናውን ሲዘረጋ ከደማቆቹ ከዋክብት ጋር ተፎካከረ። ለሬዲዮ ቴሌስኮፖች ደግሞ ቀለምም ልባስም አይጠቅም፤ ሎፋር የተባለው የአውሮፓ የሬዲዮ ቴሌስኮፕ ከስታርሊንክ ኤሌክትሮኒክስ የሚያፈተልክ ሞገድ መዝግቧል።

መስመር ላልደረሰው ገጠር ኢንተርኔት ማድረስ የሚናቅ ነገር አይደለም፤ ሳተላይት አይምጠቅ የሚልም ብዙ ሰው የለም። የዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት የሚጠይቀው በዓይን ብቻ እስከማይታዩ ድረስ እንዲደበዝዙ ነው። እ.ኤ.አ. የ1967ቱ የህዋ ስምምነት ስለ ድምቀት አንድም ቃል ስለሌለው ጥያቄው በኩባንያዎች በጎ ፈቃድ ላይ ተንጠልጥሎ ቀርቷል። የድምቀት ገደብ የማምጠቂያ ፈቃድ ግዴታ መሆን አለበት።