ግድግዳውን ሜዳ ያደረገው ጌም

ሹሄይ ዮሺዳ በሶኒ የፕሌይስቴሽን ስቱዲዮዎች ኃላፊ በነበሩበት ጊዜ፣ ሊጠናቀቅ የተቃረበ አንድ ጌም ለሙከራ ቀረበላቸው። ሁለት ሰዓት ያህል ታገሉት፤ ያም ሆኖ ከመነሻው እምብዛም ፈቅ አላሉም። ጌሙን ጨርሶ እንዳልወደዱት ኋላ ራሳቸው በግልጽ ተናግረዋል።

ያ ጌም “ዲመንስ ሶልስ” ነው። በ2009 ጃፓን ውስጥ ወጣ (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሶኒ ለአሜሪካና ለአውሮፓ ገበያ አይሆንም ብሎ ተወው፤ በሁለቱም አህጉራት ሌሎች አሳታሚዎች አንስተው አወጡት። ከአሥራ ሦስት ዓመት በኋላ ጌሙን የሠራው ፍሮምሶፍትዌር የተባለ ስቱዲዮ፣ በዚያው ዳይሬክተር በሂደታካ ሚያዛኪ መሪነት፣ “ኤልደን ሪንግ”ን ለገበያ አቀረበ። በሦስት ሳምንት ገደማ 12 ሚሊዮን ቅጂ ተሸጠ። ዓመት ሲሞላው 20 ሚሊዮን ደረሰ።

ጥቂቶች ጥርሳቸውን ነክሰው ይጫወቱት የነበረው የጌም ዘር እንዴት የብዙኃን ሆነ? አፍ ላይ የሚመጣው መልስ “አቀለሉት” የሚል ነው። ግን አላቀለሉትም። “ኤልደን ሪንግ” ውስጥ ቀላል፣ መካከለኛ፣ ከባድ ብሎ የሚያስመርጥ ገጽ የለም፤ ማሌኒያ የምትባለው ተፋላሚ ደግሞ የድሮዎቹን ጭራቆች የምታስንቅ ናት። እኔ የማምነው፣ የተለወጠው ተጫዋቹ ከተሸነፈ በኋላ ምን ማድረግ ይችላል የሚለው ነው።

ሰው ገንዘቡን ከፍሎ ሽንፈትን ለምን ይገዛል? ቮልፍራም ሹልትዝ በጦጣዎች አንጎል ላይ ያደረጉት ጥናት እዚህ ላይ ይረዳናል። ጦጣዋ ሳታስበው ጭማቂ ጠብ ሲልላት፣ ዶፓሚን የሚያመነጩት የነርቭ ሕዋሳት ይነቃቃሉ። ከጭማቂው በፊት ሁልጊዜ አንድ ምልክት የሚታያት ከሆነ ግን፣ ሕዋሳቱ ለምልክቱ ይነቃቃሉ እንጂ ለጭማቂው ግድ አይሰጣቸውም። ምልክቱ ታይቶ ጭማቂው ከቀረ ደግሞ እንቅስቃሴያቸው ከወትሮው በታች ይወርዳል። ሹልትዝ ከፒተር ዳያንና ከሪድ ሞንታግ ጋር በ1997 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ሕዋሳቱ የሚመዘግቡት በጠበቅነውና ባገኘነው መካከል ያለውን ልዩነት መሆኑን አስረዱ። ከጭማቂ ጠብታ እስከ ጌም ያለው መንገድ ረጅም መሆኑን አልዘነጋም፤ አቅጣጫውን ግን ያሳያል። ሠላሳ ጊዜ የገደለን ጭራቅ በሠላሳ አንደኛው ሲወድቅ፣ ድሉ ያልተጠበቀ ነውና ደስታው እጅ ያንቀጠቅጣል። ማሸነፉ የታወቀ ትግል ይህን ሊሰጥ አይችልም።

ድሉ አንዴም ባይመጣስ? ማርቲን ሴሊግማንና ስቲቨን ማየር በ1967 ያወጡት የውሾች ሙከራ በሰፊው ይታወቃል። ምንም ቢያደርጉ ሊያስቆሙት የማይችሉት የኤሌክትሪክ ንዝረት የደረሰባቸው ውሾች፣ ኋላ ዘለው ማምለጥ ከሚችሉበት ሳጥን ሲገቡ ብዙዎቹ አልሞከሩም። ውሾቹ ተስፋ መቁረጥን ተማሩ ተባለ። በ2016 ግን ሁለቱ ተመራማሪዎች ስመ ጥር ያደረጋቸውን ሐሳብ ራሳቸው ገለበጡት፤ ይህ የሳይንስ ሐቀኝነት ሁልጊዜ ልቤን ይነካኛል። እጅ መስጠት ትምህርት አይደለም አሉ፤ መከራው ሲረዝም አንጎል በተፈጥሮው የሚያደርገው ነው። በትምህርት የሚገኘው “ነገሩ በእጄ ነው” የሚለው ስሜት ነው።

የሚያዛኪ ጌሞች ይህን ስሜት ከመጀመሪያው ሲያስተምሩ ኖረዋል። ጭራቁ መዶሻውን ከማውረዱ በፊት ትከሻውን ያነሣል፤ ዛሬም ነገም በዚያው መልክ ያነሣል። የሞተ ተጫዋች ለምን እንደሞተ ያውቃል። ችግሩ ብዙ ሰው ትምህርቱ እስኪገባው አለመቆየቱ ነበር። “ዲመንስ ሶልስ” ውስጥ በዋናው ጭራቅ የተገደለ ሰው ያንኑ ረጅም መንገድ፣ ያንኑ ጠላት እንደገና እያለፈ ይመለሳል። አንድ ሽንፈት ብዙ ደቂቃ ያስከፍላል። ዋጋውን ለመረዳት የአዲስ አበባ ፕሌይስቴሽን ቤቶችን ማሰብ ይበቃል፤ ሒሳቡ በጨዋታ በሚቆጠርበት ቤት የእግር ኳስ ጌም የነገሠበት አንዱ ምክንያት፣ የተሸነፈም ቢሆን ጨዋታውን ሙሉ ተጫውቶ መነሣቱ ይመስለኛል።

“ኤልደን ሪንግ” ላይ ብዙዎችን ይመልስ የነበረው ግድግዳ ሜዳ ሆነ። ተጫዋቹ ከመነሻው ዋሻ ሲወጣ ሊምግሬቭ የተባለ ሰፊ መስክ ይጠብቀዋል፤ በመስኩ ላይ ወርቅ የለበሰ ፈረሰኛ ወዲያ ወዲህ ይላል። አዲስ ሰው ሄዶ ይጋጠመዋል፤ በአንድ ሁለት ምት ይሞታል። ይህ የመጀመሪያው ትምህርት ነው፤ ምክንያቱም ከፈረሰኛው ግራም ቀኝም ክፍት ነው። ዞሮ ማለፍ ይቻላል። ወደ ቤተ መንግሥቱ በሚያስገባው ድልድይ ላይ ማርጊት የሚባለው ጭራቅ ሲያሸንፈውም፣ ትቶት በፈረሱ ሌላ አገር ይሄዳል፤ ዋሻ ይፈትሻል፤ ጉልበት ሰብስቦ ይመለሳል። ከብዙዎቹ ከባድ ጭራቆች አጠገብ የሞተው ሰው እዚያው የሚነሣበት ምልክት ተተክሏል፤ ረጅሙ ምልልስ ቀረ። አብረው የሚዋጉ መናፍስትን መጥራትም ይቻላል። ክብደቱ እንዳለ ነው፤ መቼ፣ በምን ጉልበት፣ ከማን ጋር እንደሚገጥመው የሚወስነው ግን ተጫዋቹ ነው። ሴሊግማንና ማየር የኋላ ኋላ የደረሱበት ነገር በፈረስና በሜዳ ተተርጉሞ ይታየኛል።

ሌላም መንገድ አለ። የኒንቴንዶው “ፋየር ኤምብለም” ተከታታይ ጌም፣ በ2012 የወጣው ክፍሉ ከ250,000 ቅጂ በታች ከተሸጠ ሊዘጋ ተወስኖበት ነበር። በዚህ ጌም በውጊያ የወደቀ ጓድ ለዘለዓለም ይሞታል። አዘጋጆቹ ለሚፈልግ ሰው የወደቀው ጓድ የሚመለስበትን ምርጫ አቀረቡ፤ ነባሩንም ሕግ ለነባሮቹ ተዉላቸው። ዘሩ ከሞት ተረፈ።

ታዲያ ብልህ ንድፍ ካለ ሕዝብ ይከተላል ማለት ነው? አይደለም። ማቲው ሳልጋኒክ፣ ፒተር ዶድስና ደንከን ዋትስ በ2006 ባሳተሙት ጥናት ከ14,000 በላይ ሰዎች የማይታወቁ ዘፈኖችን እንዲያዳምጡ አደረጉ። የሌሎች ምርጫ የሚታያቸው ሰዎች በስምንት ቡድን ተከፍለው ነበር። በእነዚህ ቡድኖች ውስጥ ታዋቂው ይበልጥ ታዋቂ ሆነ፤ ታዋቂው ዘፈን ግን ከቡድን ቡድን ይለያይ ነበር። ዘፈኖቹ ያው ናቸው። ስለዚህ “ኤልደን ሪንግ” እዚህ መድረሱ የማይቀር ነበር ብሎ መናገር አልደፍርም። የጌሙን ዓለም ጥንተ ታሪክ የጻፉት የዝነኛው ደራሲ የጆርጅ አር. አር. ማርቲን ስምም የራሱን ድርሻ ሳያበረክት አልቀረም።

ከ“ኤልደን ሪንግ” በፊት ግን አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ ጌሞቹን ለሌሎች ያስተዋወቁ ሰዎች ሥራ ነበር። ብራይስ ራያንና ኒል ግሮስ በ1943 ባሳተሙት ጥናት፣ በአሜሪካ የአይዋ ግዛት ገበሬዎች አዲስ የበቆሎ ዘር እንዴት እንደተቀበሉ መርምረው፣ ብዙዎቹ ስለ ዘሩ በመጀመሪያ የሰሙት ከነጋዴ፣ የተማመኑት ግን በጎረቤት ሆኖ አገኙት። ዘሩንም የተቀበሉት መጀመሪያ ጥቂት መሬት ላይ ሞክረው ነው። የ“ዲመንስ ሶልስ”ና የተከታዮቹ ጌሞች ቀደምት ወዳጆች ለሚሊዮኖቹ እንዲህ ያሉ ጎረቤቶች ሆኑላቸው፤ የትኛው በር ወጥመድ እንዳለበት ጽፈው፣ ቀርጸው፣ አስረድተው አቆዩ።

ጉርብትናው በጌሙ ውስጥም አለ። ሚያዛኪ እንደሚያወሱት፣ አንድ በረዷማ ቀን ዳገት ሲወጡ መኪናዎች ሁሉ እየተንሸራተቱ ቆሙ። ከኋላቸው ያለው መኪና ተጠግቶ ይገፋቸው ጀመር፤ እንዲህ እየተገፉ ወጡ። ማመስገን ቢፈልጉም ቢቆሙ እንደገና ይታሰራሉና ዝም ብለው ነዱ። ተጫዋቾች በኢንተርኔት የሚረዳዱበት ሐሳብ የመነጨው ከዚያ ትዝታ ነው። በጌሞቻቸው ውስጥም አንድ ተጫዋች መሬት ላይ አጭር መልእክት ትቶ እንዲሄድ፣ የማያውቀውም ሰው በራሱ ስክሪን ላይ እንዲያነበው አደረጉ፤ “ከፊት አድፋጭ አለ” እንደማለት። አንባቢው መልእክቱ ጠቅሞት ምስጋና ሲሰጥ፣ ጸሐፊው በዚያች ሰዓት በሌላ የዓለም ጥግ ከጭራቅ ጋር ግብግብ ይዞ ሊሆን ይችላል። ያኔ የጎደለው የሕይወት መስመሩ ይሞላለታል።