ግረብ

ግረብ ኮምፒውተር ሲበራ ሊነክስንና ሌሎች ኦፐሬቲንግ ሲስተሞችን የሚያስነሳ ቡት ሎደር (አስነሺ ፕሮግራም) ነው። በአንድ ኮምፒውተር ላይ ሁለትና ከዚያ በላይ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ሲኖር ተጠቃሚው የሚፈልገውን እንዲመርጥ ዝርዝር ያሳያል። ኡቡንቱ፣ ደብያን እና ፌዶራ በግረብ ከሚጠቀሙት የሊነክስ ዓይነቶች መካከል ናቸው።

ታሪክ

ግረብን እ.ኤ.አ. በ1995 የጀመረው ኤሪክ ቦሊን ሲሆን ዓላማው የግኑ ፕሮጀክትን ኸርድ የተባለ ሲስተም ማስነሳት ነበር። በ1999 የግኑ ፕሮጀክት ይፋዊ ሶፍትዌር ሆነ። ቀደም ሲል በሊነክስ ላይ የተለመደው ቡት ሎደር ሊሎ ነበር። ሊሎ ከርነሉ ዲስኩ ላይ ያረፈበትን ቦታ በቁጥር ስለሚመዘግብ ከርነሉ በተቀየረ ቁጥር እንደገና መጫን ነበረበት። ግረብ ግን የፋይል ሲስተሙን ራሱ ስለሚያነብ ከርነሉን በፋይል ስሙ ያገኘዋል።

አሠራር

ባዮስ ባላቸው የቆዩ ኮምፒውተሮች የዲስኩ የመጀመሪያ ሴክተር ኤም ቢ አር ይባላል። ስፋቱ 512 ባይት ነው፤ 446ቱ ለአስነሺው ኮድ፣ 64ቱ ለፓርቲሽን ሠንጠረዥ፣ 2ቱ ለማረጋገጫ ምልክት ይውላሉ። እያንዳንዱ ፓርቲሽን በሠንጠረዡ 16 ባይት ስለሚይዝ ዋና ፓርቲሽኖች ከ4 ሊበልጡ አይችሉም። ግረብ በ446 ባይት ስለማይበቃ ቀሪው ክፍል ከመጀመሪያው ፓርቲሽን በፊት ባለው ባዶ ቦታ ይቀመጣል፤ ሌሎች ፋይሎቹ በሊነክሱ ቡት ማውጫ ውስጥ ይገኛሉ።

በአዲሱ ዩ ኢ ኤፍ አይ ደግሞ ግረብ ኢ ኤፍ አይ በተባለ ትንሽ ፓርቲሽን ውስጥ እንደ ተራ ፋይል ይቀመጣል። ከዚህ ጋር የሚሠራው ጂ ፒ ቲ ሠንጠረዥ አብዛኛውን ጊዜ እስከ 128 ፓርቲሽን ይይዛል።

የፓርቲሽን አከፋፈል

ሊነክስ ለመጫን አስፈላጊው ሩት የተባለው ዋና ፓርቲሽን ነው፤ በዩ ኢ ኤፍ አይ ኮምፒውተር ኢ ኤፍ አይ ፓርቲሽንም ያስፈልጋል። የተጠቃሚው ፋይሎች የሚቀመጡበት ሆም ለብቻው ከተከፈለ፣ ሩት ብቻ ተፎርማቶ ሊነክስን እንደ አዲስ መጫን ይቻላል። ስዋፕ ራም ሲሞላ ትርፉን ይይዛል።

ከመጫን ሂደቱ ሁሉ ፋይል የሚያጠፋው ይህ ደረጃ ነው። «ሙሉውን ዲስክ አጥፋ» የሚለው ምርጫ ዊንዶውስንና በዲስኩ ያሉትን ሰነዶች በሙሉ ይደመስሳል። ስለዚህ አስቀድሞ የፋይሎችን ቅጂ በሌላ ዲስክ ማስቀመጥ፣ የዊንዶውስን ፓርቲሽንም በራሱ በዊንዶውስ የዲስክ ማስተካከያ ማጥበብ ይመረጣል።

ችግሮችና ጥገና

ከሊነክስ በኋላ ዊንዶውስ ሲጫን በኤም ቢ አር ላይ ያለውን የግረብ ኮድ በራሱ ይተካዋል፤ በዩ ኢ ኤፍ አይ ደግሞ የማስነሻ ቅደም ተከተሉን ይቀይራል። በሁለቱም ሊነክስ ከዝርዝሩ ይጠፋል እንጂ ፓርቲሽኑና ፋይሎቹ አይነኩም። በተቃራኒው የሊነክስ ፓርቲሽን ከዊንዶውስ ውስጥ ሆኖ ሲሰረዝ የግረብ ፋይሎች አብረው ስለሚጠፉ «ግረብ ሬስኪው» የሚል ጥቁር ገጽ ሊመጣ ይችላል።

ሊነክሱ ሳይሰረዝ ግረብ ብቻ ሲጠፋ ዲስኩን መፎርማት አያስፈልግም። ኮምፒውተሩ ሊነክስ ባለበት ፍላሽ ይነሳል፤ ከዚያ ሩት ፓርቲሽኑ ተከፍቶ ግረብ ብቻ እንደገና ይጫናል። ዊንዶውስ ከዝርዝሩ ከጎደለ ምክንያቱ ኦ ኤስ ፕሮበር የተባለው ፈላጊ ፕሮግራም መዘጋቱ ሊሆን ይችላል፤ ከ2.06 ስሪት ጀምሮ ይህ ፕሮግራም ካልተፈቀደለት በራሱ አይሠራም።