«ጋብቻ»፣ «ጌም» እና «ትዝታ»፦ በአንድ የቤተሰብ መጠይቅ ትርጉም ላይ የቀረበ ሐተታ

በመዝገበ ቃላት ዝግጅት ሥራ የምንገኝ ሰዎች ዘወትር የሚቀርብልን ጥያቄ «ለዚህ የውጭ ቃል የአማርኛ አቻው ምንድን ነው?» የሚል ነው። ጠያቂው አቻ መኖሩን አስቀድሞ ተቀብሎ ይመጣል፤ የቀረው ፈልጎ ማግኘት ብቻ ይመስለዋል። በቅርቡ ሁለት ተርጓሚዎች በእንግሊዝኛ የተዘጋጀ የቤተሰብ ኑሮ መጠይቅ ይዘውልን በመጡ ጊዜም አነሣሣቸው ይኸው ነበር። መጠይቁ በኮዬ ፈጬ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ከሚኖሩ አባወራዎችና እማወራዎች ዘንድ የሚቀርብ ነው። በአንደኛው ገጽ ሁለት ወንዶች ወይም ሁለት ሴቶች ስለሚፈጽሙት ጋብቻ የቤተሰቡን አስተያየት ይጠይቃል። ገጹ ሲገለበጥ ደግሞ ወላጆችና ልጆች ቀድሞ አብረው ስለተጫወቷቸው የቪዲዮ ጌሞች፣ ያም ጊዜ ይናፍቃቸው እንደ ሆነ ይጠይቃል። ተርጓሚዎቹ የመጀመሪያውን ከባድ፣ ሁለተኛውን ቀላል አድርገው ነበር የመደቡት። እኛ ግን ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጠን ስናያቸው ችግራቸው አንድ ሆኖ አገኘነው። ይኸውም መልስ ሰጪው አፉን ሳይከፍት ቃሉ ራሱ ቀድሞ መመለሱ ነው።

ስለ ስፍራው ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። ኮዬ ፈጬ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምሥራቅ የሚገኝ፣ በጋራ መኖሪያ ቤቶቹ ስሙ የገነነ ሰፈር ሲሆን፣ እንደ ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ሁሉ በ2015 ዓ.ም. በተቋቋመው የሸገር ከተማ ውስጥ ተጠቃልሏል። አንዱን ደረጃ የሚወጡ ጎረቤቶች አንዱ አማርኛ፣ ሌላው ኦሮምኛ፣ ብዙዎቹም ሁለቱን ይናገራሉ። ስለዚህ በዚያ የሚቀርብ መጠይቅ በአንድ ቋንቋ ብቻ ቢመዘን ምዘናው ጎደሎ ይሆናል።

ከሥርወ ቃል እንነሣ። እንግሊዝኛው የሚጠቀምባቸው ሁለቱ ዋና ቃላት፣ «ሆሞሴክሹዋል» እና «ኖስታልጂያ»፣ ሁለቱም ሊቃውንት በጠረጴዛቸው ላይ የፈጠሯቸው ቃላት ናቸው። የመጀመሪያውን እ.ኤ.አ. በ1869 የሀንጋሪው ጸሐፊ ካርል ማሪያ ከርትቤኒ በጀርመንኛ አሳተመው፤ ግማሹ ግሪክ፣ ግማሹ ላቲን ነው። ጸሐፊው ያወጣው የፕሩሲያን የወንጀል ሕግ ለመቃወም ሲሆን፣ ኋላ ግን ሐኪሞች ተቀብለው የደዌ ስም አደረጉት። የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር ከደዌ መዝገቡ የሰረዘው እ.ኤ.አ. በ1973፣ የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ በ1990 ነው። ሁለተኛውን እ.ኤ.አ. በ1688 ዮሐንስ ሆፈር የተባለ የሕክምና ተማሪ በባዝል ከተማ ባቀረበው የመመረቂያ ጽሑፍ ከሁለት የግሪክ ቃላት፣ ከ«መመለስ» እና ከ«ሕመም»፣ ገጥሞ አወጣው፤ አገሩን የናፈቀ ሰው የሚታመመውን ሕመም ሊሰይምበት ነበር። ሁለቱም ቃላት በሐኪም እጅ አልፈዋል ማለት ነው። የኋለኛው ደዌነቱን ጥሎ የለሰለሰ ስሜት ስም ሆኗል፤ የፊተኛው ያለፈበት መንገድ እጅግ የከረረ ነበር።

አማርኛ ለሁለቱም በጠረጴዛ ላይ የተፈጠረ ቃል የለውም። ያለው የወረሰው ነው፤ አንዱን ከመጽሐፍ፣ ሌላውን ከዜማ።

ከመጽሐፍ የተወረሰው «ግብረ ሰዶም» ነው። «ግብረ» የግእዝ ዘርፍ አያያዥ ቅርጽ ሲሆን «የ… ሥራ» ማለት ነው። በ«ግብረ ገብ»፣ በ«ግብረ መልስ»፣ በ«ግብረ ኃይል» የምናውቀው ይኸው ቃል በራሱ ክፉም ደግም አይደለም። ፍርዱን የሚያመጣው «ሰዶም» ነው፤ በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 19 በእሳትና በዲን የጠፋችው ከተማ። በዐረብኛ «ሊዋጥ» የሚለው ቃል ከዚያው ታሪክ የመነጨ ሆኖ ሳለ፣ ስሙን የወሰደው ከጠፋችው ከተማ ሳይሆን ከዳነው ከሎጥ መሆኑ በዚህ አጋጣሚ ሊጠቀስ የሚገባው ነው። እንግዲህ «ግብረ ሰዶም» የሚሰይመው ድርጊትን ነው፤ ሰውን ወይም የሰውን ዝንባሌ አይደለም፤ ጋብቻንማ ፈጽሞ አይደለም። «ግብረ ሰዶማዊ» ሲባል ግን የድርጊቱ ስም በቅጥያ ወደ ሰው ይሻገራል፤ ከሰው ጋርም ከተማዋና እሳቱ አብረው ይሻገራሉ።

ቃሉ የሕግም ቃል ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 629 ተመሳሳይ ጾታ ባላቸው ሰዎች መካከል የሚፈጸመውን ድርጊት በዚሁ ስም ጠርቶ በቀላል እስራት እንዲቀጣ ይደነግጋል። ሕግን የሚተረጉም ሰው ሕጉ ያለውን ማለት ይገባዋልና፣ በዚያ ቦታ ሌላ ቃል መተካት ስሕተት ነው። የሕዝብን አስተያየት ለመጠየቅ ሲሆን ግን ነገሩ ይለያል። ፒው የተባለው የአሜሪካ የምርምር ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2007 ባካሄደው ጥናት፣ ከተጠየቁት ኢትዮጵያውያን 97 በመቶዎቹ ኅብረተሰቡ ግብረ ሰዶማዊነትን ሊቀበለው አይገባም ብለዋል። ይህን ቁጥር የቃል ምርጫ ብቻ ወለደው የሚል ሰው ቢኖር አንስማማም፤ የሃይማኖት ትምህርቱም፣ ሕጉም፣ የዘመድ አዝማዱ ሥርዓትም ወደዚያው ያመለክታሉና። የምንለው ሌላ ነው። በራሱ ውስጥ እርግማን ያዘለ ቃል ተይዞ «ይቀበሉታል ወይስ አይቀበሉትም?» ተብሎ ሲጠየቅ፣ መልስ ሰጪው ስለ ድርጊቱ፣ ስለ ሰውየው ወይም ስለ ጋብቻው የሚያስበውን ለያይቶ የሚናገርበት መንገድ አይተውለትም። ሦስቱ በአንድ ድምፅ ይቆጠራሉ።

የቃል ምርጫ ሚዛን ማዛባቱ በሌላ አገር ተለክቷል። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2010 ሲ.ቢ.ኤስ. እና ኒው ዮርክ ታይምስ ባካሄዱት ጥናት፣ «ሆሞሴክሹዋሎች» በአሜሪካ ጦር ውስጥ እንዲያገለግሉ ይደግፉ እንደ ሆነ ከተጠየቁት 59 በመቶዎቹ «አዎ» አሉ። «ጌይ ወንዶችና ሌዝቢያን ሴቶች» ተብሎ ሲጠየቅ ደጋፊዎቹ ወደ 70 በመቶ ከፍ አሉ። የሚጠየቅላቸው ሰዎች ግን ያው ናቸው። ይህ በእንግሊዝኛ፣ ሁለቱም ቃላት ዓለማዊ በሆኑበት ቋንቋ የታየ ልዩነት ነው።

ተርጓሚዎቹ ይህን ስለተረዱ «የተመሳሳይ ጾታ ጋብቻ» የሚለውን ጻፉ። ይህ ሐረግ በጋዜጣና በሬዲዮ የተለመደ ሲሆን ከእርግማንም ነጻ ነው፤ ነገር ግን ከእንከን ነጻ አይደለም። «ተመሳሳይ» ከ«መሰለ» የወጣ ነውና የሚመሳሰለውን እንጂ አንድ የሆነውን አይናገርም። «ጾታ»ም ቢሆን በግእዝ ወገን፣ ዐይነት፣ ማዕረግ የሚል ሰፊ ፍቺ የነበረው ቃል ነው። የሰዋስው መምህራን ተባዕታይና አንስታይ የሚለዩበት ሆነ፤ ዛሬም «ሥርዓተ ጾታ» ከሚለው አዲስ ስያሜ ጋር ይጋፋል። በኮዬ ፈጬ አንዲት እናት ጥያቄው ሲነበብላቸው «ምኑ የሚመሳሰል?» ብለው መልሰው ጠየቁ ተባልን። ጥያቄው ተገቢ ነው።

ይህም ብቻ አይደለም። በጋምቤላና በደቡብ ሱዳን በሚኖረው በኑዌር ሕዝብ ዘንድ፣ ልጅ ያልወለደች ሴት ከብት ሰጥታ ሌላ ሴት ልታገባና በእርስዋ ስም ልጅ ሊወለድላት እንደሚችል ኢቫንስ ፕሪቻርድ የተባለው እንግሊዛዊ የሥነ ሰብእ ሊቅ መዝግቧል። ይህ ጋብቻ ዘር እንዲቀጥል የተበጀ እንጂ የሁለት ሴቶች የፍቅር ትዳር አይደለም። «የተመሳሳይ ጾታ ጋብቻ» በቃል በቃል ፍቺው ግን ይህንንም ያቅፋል፤ የመጠይቁ አዘጋጅ ያላሰበውን ማለት ነው።

«ጋብቻ» የሚለውን ቃል ራሱን ማየት ይገባል። ቋንቋችን በዚህ ረገድ ሀብታም ነው፦ ቁርባን፣ ተክሊል፣ ሰማንያ፣ ቀድሞም ደመወዝ የሚባለው። እያንዳንዱ ውል የራሱ ስም ነበረው። ግሡ ደግሞ ተናጋሪውን ያጋልጣል። «ዳረ» ሲባል ባለቤቱ ወላጅ ነው፤ «ትዳር»ም ከዚሁ የመጣ ነውና በሥሩ ወላጆች አሉበት። «አገባ» ወደ ቤት ማስገባት ነው፤ «አገባት»፣ «አገባችው» ይባላል። ባለቤቱም ተሳቢውም ወንድ ሲሆኑ «አገባው» ማለት ለሰዋስው ስሕተት የለበትም፤ ጆሮ ግን መጀመሪያ የሚሰማው ኳስ መረብ ውስጥ መግባቱን ነው። «ተጋቡ» የሚለው የተደራራጊ ግሥ ግን የማንንም ጾታ አይመርጥም። የቤተሰብ ሕጉም «ተጋቢዎች» እያለ ይናገራል፤ ምንም እንኳ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 34 ጋብቻ የመመሥረትን መብት የሚሰጠው ለ«ወንዶችና ሴቶች» ብሎ ለይቶ ቢሆንም። በኦሮምኛ ልዩነቱ ይጠብቃል፦ ወንዱ «ፉዼ»፣ ሴቲቱ «ሄሩምቴ»። ሁለቱ ግሦች አይለዋወጡምና የኦሮምኛው መጠይቅ ወይ «ጋኤላ» ከሚለው ስም፣ ወይ እርስ በርስ መጋባትን ከሚያመለክት ግሥ መነሣት ይኖርበታል።

የስያሜ ጉዳይ የቃላት አምሮት ብቻ የሚመስለው ሰው የሌሎችን አገሮች ሕግ ይመልከት። ደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. በ2006 ሕጉን ስታወጣ ክርክሩ የከረረው «ጋብቻ» በሚለው ቃል ላይ ነበር፤ በመጨረሻም ሕጉ ተጋቢዎቹ ውላቸውን «ጋብቻ» ወይም «የፍትሐ ብሔር ጥምረት» ብለው ራሳቸው እንዲሰይሙ ምርጫውን ተወላቸው። ታይዋን እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣችው ሕግ ርእስ ላይ ደግሞ «ጋብቻ» የሚል ቃል የለም፤ የሕገ መንግሥት ዳኞች የሰጡትን የ748ኛ ትርጓሜ ማስፈጸሚያ ሕግ ይላል። ቃሉን ለመሸሽ ወደ ቁጥር ተሸሸ።

አሁን ገጹን እንገልብጥ። ሁለተኛው ጥያቄ «ከቤተሰብዎ ጋር የነበረዎት ጨዋታ ይናፍቅዎታል?» ተብሎ ተተርጉሞ ነበር። በሙከራው ጊዜ የተገኘው መልስ ስለ ቡና ሥርዓት፣ ስለ ቀድሞ ሰፈር ጎረቤት፣ ስለ አያት ተረት ሆነ። መልስ ሰጪዎቹ አልተሳሳቱም። በአማርኛ «ጨዋታ» ወግ ነውና፤ «ቁጭ በል እንጫወት» የተባለ ሰው ካርታም ኳስም አይፈልግም። ከጉለሌ ወይም ከአራት ኪሎ ግቢ ወጥቶ አራተኛ ፎቅ ላይ ለሰፈረ ቤተሰብ «ጨዋታው ናፈቀኝ» ማለት ጎረቤት ናፈቀኝ ማለት ነው። «የምስል ጨዋታ» የሚል አዲስ ስያሜም ቀርቦልን ነበር፤ እኛ አልተቀበልነውም፤ ማንም አይለውም። ልጁም አባቱም የሚሉት «ጌም» ነው፤ ሒሳብ እየተከፈለ የሚጫወቱበትም ቤት «ጌም ቤት» ነው፤ ግሡ ግን «ጌም መጫወት» ሆኖ አማርኛነቱን ጠብቋል። በየመንደሩ ጆተኒና ከረንቡላ እንደ ኖሩ ጌምም ይኖራል።

የሚናፈቀው ነገር ምን እንደ ሆነ መጥቀስም ይረዳል። የተንቀሳቃሽ ስልክ አገልግሎት በአገራችን የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1999 ሲሆን፣ ብዙ ቤተሰብ በአንድ የኖኪያ ስልክ ላይ ስትሳብ የነበረችውን እባብ እየተቀባበለ ተጫውቷል። ስለዚህ «በስልክ ወይም በቴሌቪዥን የሚጫወቱት ጌም» ተብሎ ሲጻፍ መልሱ ወደ ጉዳዩ ተመለሰ።

ይሁንና «ትዝታ» የሚለው ቀረ። ተርጓሚዎቹ ለ«ኖስታልጂያ» ይህን መርጠው ነበር። ትዝታ ከባቲ፣ ከአምባሰልና ከአንቺ ሆዬ ጋር ከአራቱ ቅኝቶች አንዱ መሆኑን የማያውቅ የለም፤ ቃሉ ሲጠራ ክራሩ አብሮ ይሰማል፤ ሐዘንም ይከተላል። «የጌም ትዝታ አለዎት?» የተባለ ሰው ወይ ይስቃል ወይ ያዝናል፤ ሁለቱም አልተጠየቁም። «ናፈቀኝ»ም ቢሆን የተለየ ሰው ወይም የራቀ አገር ይሻል። ለዚህ ጥያቄ «ሲያስታውሱት ደስ ይልዎታል? ያ ጊዜ ቢመለስ ይወዱ ነበር?» ብሎ በሁለት አረፍተ ነገር መክፈል ይሻላል ብለናል። ርዝመቱ ይጨምራል፤ ልኩ ግን ይገኛል።

ለመጀመሪያው ገጽም ያቀረብነው ሐሳብ ከዚሁ ይዛመዳል። «ወንድ ከወንድ ጋር፣ ሴትም ከሴት ጋር በሕግ የሚፈጽሙት ጋብቻ» ተብሎ በግልጽ ይጻፍ፤ ስለ ድርጊቱ፣ ስለ ሰዎቹና ስለ ጋብቻው የሚጠየቀው በሦስት የተለያዩ ጥያቄዎች ይከፈል፤ ጠያቂው «እርስዎ» በሚለው ይጽና፤ «እርስዎ»ና «የትዳር ጓደኛዎ» ጾታ አይለዩምና። «ግብረ ሰዶም» ሕግ ሲጠቀስና መልስ ሰጪው ራሱ ሲናገረው ብቻ ይመዝገብ፤ እርሱ ያለውን ማለስለስ ደግሞ ሌላ ማዛባት ነው። በውጭ አገር በጥገኝነት ጉዳይ ችሎት ፊት የሚያስተረጉሙ ወገኖቻችንም ይህን ልብ ቢሉት እንወዳለን። አመልካቹ በአማርኛ ያልተናገረውን «ሰዶም» አስተርጓሚው ከእንግሊዝኛው ጥያቄ ጋር ቢያቀርብለት፣ ሰውየው ዝም ይላል፤ ዝምታውም በመዝገብ ይሰፍራል።

ከተርጓሚዎቹ አንደኛው ሐሳባችንን ከሰሙ በኋላ «እንዲህ ሲሆን መጠይቁ ከእንግሊዝኛው በእጥፍ ይረዝማል፤ አሠሪዎቻችን ግን የሚከፍሉን በገጽ ነው» አሉን። እንዲያ ከሆነማ ክፍያው በእጥፍ ይሁን ብለናል።